በደሉ የአንድ ቀን፣ ምስሉ የዕድሜ ልክ!

(ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ የሚኖሩ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ተወላጆች ተሰብስበው በነበረበት ወቅት የተነበበ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ከማሳጠር በቀር እንዳለ ቀርቧል።)



ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገድ መዘጋትና ስለ አገር ቤት ሰላም ከምትነጋገሩበት ሰዓት ላይ ቆርሳችሁ ለዚህ ጉዳይ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ርዕሱን አስቀድሜ ስናገር አንድ አባት «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ በአደባባይ የሚወራ ነገር ነው እንዴ?» ብለውኝ ነበር። እሳቸውም እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ቅር እንዳይሰኙብኝ። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

የምናገረው የልጆችን ገላ እያራቆቱ፣ ልጆችን እያስነወሩ ስለሚቀረፅ ፎቶና ቪዲዮ ነው። በየጠላ ቤቱ፣ በየጫት ቤቱ፣ በየስልክ መጠገኛው ስሙ «የብልግና ቪዲዮ» ነው። እኔ ይህ ስም አይዋጥልኝም። ብልግና ስንል ባለጌ የሚባለው ማነው? አዳማጩ ልቡ ቶሎ የሚሄደው ምስሉ ላይ ወደምትታየው ልጅ ነው። «ባለጌ ሆና ነው እንጂ እንዴት ትቀረፃለች?» ይላል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን እንዲህ ላለ ነገር ፈቃድ የመስጠት አቅምም ሥልጣንም የላትም። ምስሉ የወንጀል ማስረጃ ነው። ሰው ሲገደል የተነሳ ፎቶ «የጨዋታ ፎቶ» እንደማይባለው ሁሉ ይሄም መዝናኛ ሊባል አይገባውም። በውጭው ዓለምም እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ድርጅቶች ሉክሰምበርግ ላይ ተስማምተው ባወጡት መመሪያ «የሕፃናት ፖርኖግራፊ» የሚለው አጠራር ቀርቶ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ በደል ማሳያ እንዲባል መክረዋል። ስም ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሙ ሲስተካከል ጣታችን የሚጠቁምበት ሰውም ይስተካከላል።

እስቲ አንዲት ልጅ በዐይነ ኅሊናችሁ ሳሉልኝ። ስም አልሰጣትም፤ ማንንም አትመስልም፣ ብዙዎችን ግን ትመስላለች። ከጃቢ ጠህናን አንድ ገጠር ቀበሌ ተነስታ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ፍኖተ ሰላም ገብታለች። አባቷ ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶላታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ አገር ቤት ደርሳ ድርቆሿን፣ ሽሮዋንና በርበሬዋን ተሸክማ ትመለሳለች። ይህን ሕይወት እዚህ ካላችሁት ውስጥ ያልኖረው ጥቂት ነው። ከስድስቱ ቀን በአንዱም ምሽት አባት የለም፣ እናት የለም፣ ታላቅ ወንድም የለም። ያለው አከራይ ነው፤ ጎረቤት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ስልክ ነው።

አንድ ሰው የጥናት መጽሐፍ በስልክ እልክልሻለሁ ይላታል። ካርድ ይሞላላታል። ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር አታውቅም። ከሳምንታት በኋላ ፎቶ ላኪልኝ ይላል፤ መጀመሪያ የፊት፣ ቀጥሎ ሌላ። ልጅቷ አንድ ጊዜ ከላከች በኋላ ያ ለስላሳ አፍ ይለወጣል። «ሌላ ካልላክሽ፣ ወይም የምልሽ ቦታ ካልመጣሽ ይሄንን ለአባትሽ እልከዋለሁ፤ ለትምህርት ቤትሽ ልጆች እበትነዋለሁ» ይመጣል። ያቺ ልጅ ለማን ትንገር? ለአባቷ ብትነግር ትምህርቷ ያበቃል። ለአከራይዋ ብትነግር በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ለመምህሯ ብትነግር... መምህሩ ማን እንደሆነ ይወስነዋል። ስለዚህ ትልካለች። በላከች ቁጥር ገመዱ ይጠብቃል። ወንጀለኛው የሚነግደው በልጅቷ ገላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሚነግደው በእኛ ቁጣ ነው። አባቷን ባትፈራው ኖሮ ማስፈራሪያው ባዶ ወረቀት ይሆን ነበር።

ይሄ የኔ ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ ቁጥሩን ልንገራችሁ። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት የተባለው ድርጅት በ13 አገሮች ባካሄዱት ጥናት ኢትዮጵያም ነበረችበት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ከ12 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸውና ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ የኢትዮጵያ ልጆች መካከል ቢያንስ 10 በመቶው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ብቻ በኢንተርኔት በኩል ግልጽ የሆነ ወሲባዊ ብዝበዛ ደርሶባቸዋል። ምስላቸው ያለ ፈቃዳቸው ተሰራጭቷል፣ ወይም በማስፈራራት አለዚያም በገንዘብና በስጦታ ተገደዋል። በአገር ደረጃ ሲሰላ ወደ 300 ሺህ ልጆች ይሆናሉ። ያውም በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከአራት ልጅ አንዱ ገደማ ነበር። ስልኩ ገጠር በገባ ቁጥር ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

እዚህ ላይ ትልልቆቻችን የቪዲዮ ቤቶቹን ዘመን ማስታወሳችሁ አይቀርም። በጆንያ የተጋረደ በር፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቀን የህንድና የካራቴ ፊልም፣ ማታ ደግሞ ሌላ። ያን ጊዜም ልጆቻችን ተበላሹ ተብሎ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተወግዟል። ያኔ ግን አበላሸ የሚባለው የሚያየውን ልጅ ነበር። ዛሬ ልጁ ራሱ ስክሪኑ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ደግሞ ሚሞሪ ጫኞቹ መጡ። ዘፈን፣ መዝሙር፣ ስብከት፣ ፊልም አንድ ላይ በጥቂት ብር ይጫናል። ካርዱ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ማን ምን እንደጫነበት የሚያውቅ የለም። ኢንተርኔት ሲዘጋ ምስሉ የሚቆም የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ በብሉቱዝም በሚሞሪም እስከ ቋሪትና ሰከላ ድረስ ይሄዳል።

አሁን የዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። ልጅ መድፈር አሮጌ ወንጀል ነው፤ ያልነበረበት ዘመን የለም። ምስሉ የጨመረበት ነገር ምንድነው? ይህን በደንብ የሚያስረዳው አሜሪካ ውስጥ የታየ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤቱ «ኤሚ» በሚል የመሸሸጊያ ስም የጠራት ልጅ ገና ስምንትና ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የገዛ አጎቷ በድሏት ቀርፆ ያሰራጨዋል። አጎትየው ተፈርዶበት ይታሰራል። ልጅቷ ሕክምናና ምክር አግኝታ ወደ ደህናው ኑሮዋ ተመልሳ ነበር። ትምህርት፣ ጓደኛ፣ ጭፈራ። ሐኪሟም ተሽሏታል ብሎ ጽፏል። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ግን ምስሏ በዓለም ዙሪያ በማታውቃቸው ሰዎች እጅ እየተዘዋወረ መሆኑ ተነገራት። የዳነው ቁስል እንደገና ተከፈተ። ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ከ3,200 በላይ በሆኑ የወንጀል መዝገቦች ውስጥ ቢያንስ 35 ሺህ የሷ ምስሎች ተገኝተዋል። እያንዳንዱ መዝገብ አንድ የተያዘ ሰው ነው። ያልተያዘውን ማን ቆጠረው?

ልጅቷ ወደ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከአንድ ምስሏን ከያዘ ሰው ጠየቀች። ሰውየው ዘንድ የተገኙት የሷ ምስሎች ሁለት ብቻ ናቸው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2014 ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፋፍለው፣ ሰውየው ካሣ መክፈል አለበት፣ ግን ሁሉንም ጉዳት እሱ ብቻ አይሸከምም ብለው ወሰኑ። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የገረመኝ የክርክሩ ፍሬ ነው። ሰውየው ልጅቷን አይቷት አያውቅም። እጁን አላሳረፈባትም። ያደረገው ነገር መያዝና ማየት ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ያየም በዳይ ነው አለ። እኛ አገር «እኔ ምን አደረግሁ፣ ደርሶኝ አየሁ እንጂ» የሚለው ሰው ይህን ይስማ። ፈላጊ ከሌለ ቀራፂ የለም። ዕቃው የሚሸጠው ገዢ ስላለ እንደሆነ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል።

ገበያው ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከተዘጋው «ዌልካም ቱ ቪዲዮ» ከተባለ ድረ ገጽ ጋር በተያያዘ በ38 አገሮች 337 ሰዎች መያዛቸው በዓመቱ ተነግሯል። ክፍያው በቢትኮይን ነበር። ሲከፈት የነበረው በአንድ ወጣት ልጅ መኝታ ቤት ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለው የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ36 ሚሊዮን በላይ ጥቆማ ደርሶታል። አገራችን ውስጥ ከወጣት እስከ ሽማግሌ የሚጠቀምበት ቴሌግራምም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ባለቤቱ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ፓሪስ ላይ ሲያዝ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ እንዲህ ያሉ ምስሎች እንዲሰራጩ ተባባሪ ሆኗል የሚል ነው። ለዓመታት እምቢ ሲል የኖረው ኩባንያ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ምስሎቹን ከሚያድነው የእንግሊዝ ድርጅት ጋር ለመሥራት ተስማማ። እስር ቤት መምህር ነው፤ ለባለጠጋም ጭምር።

«ይሄ የፈረንጅ ነውር ነው፣ የኛ ልጅ ይህን አያደርግም» የሚለውን ደግሞ እንተወው። እርግጥ ፈረንጁም መጥቷል። በ1977ቱ ረኃብ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች በወሎ ጃሪ ላይ የተሠራውን የቴር ደ ዞም የሕፃናት መንደር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። መንደሩን ይመራ የነበረው እንግሊዛዊው ዴቪድ ክሪስቲ ወንዶች ልጆችን ሲያስነውር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት 9 ዓመት ፈርዶበታል። ልብ በሉ፣ የተበደሉት ወንዶች ናቸው። ወንድ ልጅ ሲበደል ዝምታው የባሰ ነው፤ እኛ ጎጃም ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቃል እንኳ በወጉ የለንም። ግን በዳይ ሁሉ ፈረንጅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የሰባት ዓመት ሕፃን ደፍሮ የገደለው የቤቱ አከራይ ነው፤ 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ዓመት ቆይቶ አገሩ ሁሉ ሲነሳ የዚያች ሕፃን ፎቶ በየስልካችን ሞላ። ፍትሕ ለመጠየቅ ነው፣ ቅንነት ነው። ሆኖም እናቲቱ ስልኳን በከፈተች ቁጥር ምን እንደምታይ ስንቶቻችን አሰብን? እኔ ራሴ ካስተላለፉት አንዱ ነኝ፤ በኋላ ነው የቆጨኝ።

አገር ቤት እንመለስ። አንዲት ልጅ ምስሏ ወጣ ሲባል ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ስልኩ ይሰበራል። ቀጥሎ ልጅቷ ትገረፋለች። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ የሚያውቁት መንገድ ደም ማድረቅና ቤተሰብ ማስታረቅ ነው። ለከብትና ለድንበር ጠብ የሠራውን ዳኝነት ለዚህም ያመጡታል። «ይካስና ይቅር» ይባላል፤ አለዚያ «ያግባትና ነውሩ ይሸፈን» ይባላል። በደለኛው በልጅቷ ላይ ባለመብት ሆኖ ይወጣል ማለት ነው! ጎረቤቱም ይህን አይቶ ሴት ልጁን ከትምህርት ያስቀራል። «ከተማ ልኬ ከምትዋረድብኝ ልዳራት» ይላል። ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች ክልክል መሆኑን የፌዴራሉም የአማራ ክልልም የቤተሰብ ሕግ ይናገራል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648ም ይቀጣል። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለመቀነስ በምዕራብ ጎጃም ስንት ዓመት ተለፍቷል፣ ሞሰቦ ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ብርሃን ሔዋን ፕሮግራም በውጭ አገር ሳይቀር ምሳሌ ሆኖ ተጠቅሷል። አንድ ቪዲዮ በአንድ ቀበሌ ሲዞር ያ ሁሉ ልፋት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያልተዳረችው ደግሞ ሌሊት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ትገባለች። ደላላ ይቀበላታል። ከሰው ቤት ወደ ቡና ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ኅብረተሰብ ተጎዳ የምንለው ይሄንን ነው። አንዷ ልጅ ስትነካ የመንደሩ ሴቶች ልጆች ሁሉ ደብተር ይዘጋል።

አሁን ወደ መንግሥት ልምጣ፤ ጋዜጠኛ ነኝና ካልመጣሁ ይቆጠቁጠኛል። ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የሕፃናት መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ1991፣ የሕፃናት ሽያጭንና ምስልን የሚመለከተውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ተቀብለናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 እንዲህ ያለ ምስል ያዘጋጀ፣ ያስተላለፈ፣ የሸጠ ብቻ ሳይሆን የያዘም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። ልጅን በመልእክትና በምስል የሚያባብል ከ5 እስከ 10 ዓመት ይጠብቀዋል። ጥሩ ነው። ታዲያ ይህ አዋጅ ሲነሳ ሕዝቡ ትዝ የሚለው አንቀጽ 12 ነው? አይደለም። ትዝ የሚለው ጽሑፍና ንግግር ወንጀል የሆኑባቸው አንቀጾች ናቸው።

ለመሆኑ የሰው ስልክና ኮምፒውተር መበርበር የሚያውቅ ጠፍቶ ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 የካናዳው ሲቲዝን ላብ ፊንፊሸር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ኢትዮጵያውያን ላይ መላኩን አጋልጧል። በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች በጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም መሣሪያ መታደናቸውን፣ በ2017 ደግሞ የእስራኤሉ ሳይበርቢት መጨመሩን ጽፏል። ያ የኢሕአዴግ ዘመን ነው ይባል። ከዚያ ወዲህም አንድ ክልል ሙሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ገደማ መዝጋት ተችሏል። ዋሽንግተንና ለንደን ያለን ተቃዋሚ ለማደን የተገኘው ዕውቀትና የውጭ ምንዛሪ ቡሬ ከተማ ላይ አንዲትን ተማሪ የሚያስፈራራ ሰው ለመያዝ ሲሆን ወዴት ይሄዳል?

ከዚህ የባሰው እምነት መጥፋቱ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ ከሰማይ የወረደውን እሳት አልረሳችሁም፤ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጭ ለውጭ ዜና አውታሮች ተናግሯል። በየመንገዱ ስልክ ይፈተሻል። የታጠቀ ሁሉ ይፈትሻል፤ አንዱን ወገን ብቻ አልልም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ አባት የልጁን ስልክ ይዞ ጣቢያ ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ልጁ ነው ወይስ ስልኩ ውስጥ ስላለው ዘፈንና ፎቶ? ይህን ፈርቶ ቢቀር ማን ይፈርድበታል? ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከክፍል ውጭ በሆኑበት ጊዜ ደግሞ በደለኛው ሥራ አልፈታም። እሱ ዕረፍት የለውም።

መንግሥት እስኪታረም ግን ልጆቹ አያድጉ ማለት አይቻልም። ስለዚህ እጃችን ላይ ያለውን ልናገር። ምስል ቢደርሳችሁ ለማውገዝ ብላችሁም እንኳ አታስተላልፉ። «ይህን ጉድ እዩ» ብሎ መላክና ለደስታ ብሎ መላክ ለልጅቷ አንድ ናቸው፤ ሕጉም አይለያቸውም። ስልኩን አትስበሩ፤ የላኪው ቁጥር፣ ስምና ማስፈራሪያው ያለው እዚያ ነው። የማስፈራሪያውን ጽሑፍ ጠብቃችሁ፣ ቢቻል ከሚታመን የሕግ ባለሙያ ጋር፣ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚይዘውን ፖሊስ ጠይቁ። ለበደለኛው ገንዘብ አትክፈሉ፤ የተከፈለው ተጨማሪ ይጠይቃል። እዚያ አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችሁም ይርዱ። ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ከ18 ዓመት በታች ሳለች የተነሳች ልጅ ምስሉን ለማንም ሳትልክ፣ ከምስሉ ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ ምልክት ብቻ ተወስዶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎችም ያንን ምስል ለይተው እንዲያግዱ ይደረጋል። ሁሉንም አያጠፋም። ያለችው ልጅ ግን አንድ ነገር ተደረገልኝ ትላለች፤ ይሄ ቀላል አይደለም።

ለልጆቻችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውሉ። አገር ቤት ያለችውን የወንድማችሁን ልጅ፣ ተከራይታ የምትማረውን፣ ጥሯት። ነገሩን በደፈናው አትጀምሩት። «እታለም፣ ማንም ሰው በፎቶ ቢያስፈራራሽ ለኔ ንገሪኝ፤ አልቆጣም፣ ከትምህርትም አላስቀርሽም» በሏት። ያንን አንድ ቃል ከሰማች የዚያ ሰውዬ ገመድ ግማሹ ተበጠሰ። እዚህ ያሉት አባት «በአደባባይ ይወራል እንዴ?» ላሉኝም መልሴ ይኼው ነው፦ በአደባባይ ባይሆን በስልክ ይወራ፤ ግን ይወራ።

ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ ማይኩን ከእናቶች ጀምሩልኝ፤ ወንዶቹ ሌላውን አጀንዳ ስታወሩ ነው የዋላችሁት።